ሐኪሙ ያላገኘው ሕመም

ውድነሽ አባቷን ለማሳቅ ያላደረገችው የለም። የልብ ምታቸው ተዘበራርቆ ሐኪሙ «እንዳይደነግጡ» ካለ ወዲህ ቤቱ የሠርግ ቤት መስሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ጥርሱን እየገለጠ ይገባል፤ ሬዲዮው እንኳ ዜና ሊጀምር ሲል ይዘጋል። በየእሑዱ ደግሞ «አጎቴ አሰግድ ደውሎ ነበር፤ ተኝተህ ነው እንጂ! ሰላም ብሎሃል» ትላቸዋለች።

መድኃኒቱ ምታቸውን አስተካከለው። እሳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ደበዘዙ። ጉሮሯቸውን ይተናነቃቸዋል፣ ደረታቸው ይከብዳቸዋል፣ እህል አስጠልቷቸዋል። ሐኪሙ ምናልባት መድኃኒቱ ይሆናል ድብርት ያመጣባቸው ብሎ ቢቀይረውም ያው ናቸው።

ዛሬም የምርመራውን ውጤት አገላብጦ አየና ግራ ገባው።

«አባባ፣ ልብዎ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ቤት ውስጥ ያስከፋዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም!» አለች ውድነሽ ቀድማ። «አባዬን እንደ ንጉሥ ነው የያዝነው!»

አባትየው ፈገግ አሉ።

«ዶክተር፣ እውነት ልቤ ድኗል?»

«በደንብ ድኗል።»

«እንግዲያው ለዚች ልጅ ንገርልኝ። ጎረቤት ገብታ ጥቁር ልብሷን እየቀየረች ወደ ቤት ስትመጣ ካየኋት ሁለት ወር አለፈ። ልፋቷ አሳዝኖኝ ዝም አልኩ።»

ውድነሽ አንገቷን ደፋች።

አባትየው እጇን ያዝ አደረጉ። «በይ፣ ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹን አምጪና አርዱኝ። አሰግድን ላልቅሰው።»