ትልቁ ብርጭቆ

እንደ ወትሮው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻይ አፈላች፤ ለሁለት ሰው የሚሆን እንቁላል ጠበሰች። የባሏ ስልክ ለክኒኑ ሰዓት ሲጮህ ትልቁን ብርጭቆ ውሃ ሞላችው። ባሏ ካረፈ ግን ሦስት ወሩ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የመጣችው ሆስፒታል ወረፋ ላይ የተዋወቀቻት የቶጎጫሌዋ ነጋዴ ሉል ነበረች። እሷም እንደ ባልየው የደም ካንሰር ተገኝቶባት ያው ክኒን ታዞላታል፤ ማሸጊያውን ግን አልከፈተችውም።

«ወላሂ፣ እሱን ያላዳነ መድኃኒት እኔን ምን ያደርግልኛል?»

«ስድስት ዓመት አኑሮልኛል። ክኒኑን የቻለች አንዲት የካንሰር ሴል ሳትሞት ቀረች፤ ሌሎቹ ሲያልቁ እሷ ተራባች። እሱ ደህና ነኝ እያለ ምርመራውን ሲዘል፣ ሳናውቃት ሰውነቱን ሞላችው። አንቺ እንዳትዘዪ።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት። ሴት ልጁን ዳረ፤ ከእኔም ጋር በየቀኑ ተጨቃጨቀ። ተመስገን ነው።»

ሉል ሳቀች። የእሱን ድርሻ እንቁላል በላች፤ ማሸጊያውን ቀደደችና ክኒኗን በዚያው ውሃ ዋጠች። ልትሄድ ስትነሳ ሴትየዋ ትልቁን ብርጭቆ አጥባ፣ በፎጣ ጠቅልላ «ለክኒንሽ» ብላ አስያዘቻት።

ሉልን ሸኝታ ስትመለስ መደርደሪያውን ወለወለች። ትልቁ ብርጭቆ ቦታው ላይ አልነበረም።