ጠባሳሙ ንጉሥ

የምሳ ሰዓት ነበር። የአሮጌ ሳንቲሞች መሸጫው የብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ ወርዷል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ። ወዲያው መዝጊያው ከኋላቸው ዷ ብሎ ወደቀ።

ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ጎልማሳ ክው አለ።

«አይዞህ ልጄ፣ ያረጀ ብረት ነው» አሉ ሽማግሌው። «አንዴ ከወደቀ ከውስጥ አይነሳም።»

ጎልማሳው ሮጦ ሄዶ መዝጊያውን ታገለ። ንቅንቅ አላለም።

«በኋላ በኩልም በር የለም» አሉ፣ ሳይጠየቁ።

ጎልማሳውን ላብ አጠመቀው። ይሄ ሰውዬ ይህን ሁሉ ከየት አወቀ? የቆሙት መውጫውን ዘግተው ነው፤ ከዘራቸው ደግሞ ወፍራም ነው።

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ሴት ልጃቸው ጋ ደወሉ። «ሱቁ ውስጥ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ተቆልፎብናል። ጉልበት ያላቸው ሰዎች ይዘሽ ነይ፤ ቶሎ በይ።» ከዚያ ዞር አሉ። «እስኪመጡ ጠባሳሙን ንጉሥ አሳየኝ እስቲ።»

ጎልማሳው ሁለት መሳቢያ ከፍቶ ዘጋ። ሦስተኛው ውስጥ የተቀረጸው ንጉሥ ፊት ላይ መስመር ያለበት የብር ሳንቲም አገኘ። የባንኮኒው መስተዋት ላይ አኖረው።

«ጠባሳውን ምን እንዳመጣበት ታውቃለህ?»

«ጦርነት ላይ ቆስሎ… መሰለኝ።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ንጉሡንማ እሾህም አልወጋው! ቀራጩ መልኩን ማተሚያው ብረት ላይ በግልባጭ ቀረጸ፤ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሳንቲሙ መታተም ሲጀምር ብረቱ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ከዘውዱ እስከ አገጩ ወረደ። ንጉሡ ሲያየው ‹ፊቴን አበላሸው› ብሎ ሁሉንም አስቀለጠ። የተረፉት አራት ናቸው።»

«ቀራጩስ?»

«እዚያው ማተሚያ ቤት ቆለፉበት።» ሳንቲሙን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

ጎልማሳው ከባንኮኒው ኋላ ወጣ። «አባቴ፣ ይውሰዱት። ብቻ እኔ ልውጣ።»

«የት ትሄዳለህ? ገና መች ተጫወትን።»

ደጅ ላይ ኮቴ ተሰማ። መዝጊያው ሲጢጥ እያለ ተነሳና ሁለት ፖሊሶችና አንዲት ወጣት ገቡ።

«ኪሳቸውን ፈትሹ!» ሲል ጎልማሳው ጮኸ። «ሳንቲሙን ወስደዋል!»

ወጣቷ በአጠገቡ አልፋ ሽማግሌው አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ ሱቅህ ውስጥ ያገኘኸው ሌባ ይሄ ነው?»