የእትዬ ስንዱ ግድግዳ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ውሃ ማከሚያ የጻፈችውን ወረቀት ቤት ለቤት ካደለች ሁለት ወር ሆኗታል። የሰፈሩን ሴቶች በስብሰባ ስለ ወረቀቱ ስትጠይቃቸው ግን ሁሉም አቀርቅረው ዝም ይሏታል። ዛሬ እትዬ ስንዱ ቤት ብትገባ ወረቀቷን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘችው። ደሟ ፈላ።

«ቤት እንድታስውቡበት ነው እንዴ የሰጠኋችሁ? አንብቡት ብዬ አልነበር?»

«አንብበነዋል እኮ ልጄ» አሉ እትዬ ስንዱ ረጋ ብለው። «የእድሩ ሴቶች መስመር በመስመር ተከራክረንበታል። ለአንድ ጀሪካን አምስት ክዳን ይላል፤ የማከሚያው ጠርሙስ ላይ ግን አንድ ክዳን ነው የሚለው። ሰው ፊት እንዳናሳፍርሽ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ቀረብ ብላ አየች። «አምስት» በከሰል ተሰርዞ «አንድ» ተብሏል።

ሳትሰናበት ወጥታ ጎረቤት ገባች። እዚያም ተሰርዟል። ሦስተኛው ቤትም እንደዚያው። ግርጌው ላይ ያለውን የእሷን ስም ግን ማንም አልነካውም።