ለሙታን የሚነበብ ስም

ሀቢሶ ጫማውን እያወለቀ መንገዱን ገልመጥ አደረገ። የሚያውቀው ሰው የለም። የጆሀንስበርጓ ጀፕስታውን በቅዳሜ ገበያዋ ትንጫጫለች። ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡት ደንበኛ ይጣራሉ። በጎማ ቤቱና በመጋዘኑ መካከል የተሸጎጠውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ወደዚች ከተማ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ቻይናውያን ናቸው አሉ የሠሩት።

ለሚስቱ ለበለጥሽ ለሱቁ ዕቃ ልገዛ ነው ብሏት ነው ከቤት የወጣው። ግማሹ እውነት ነው፤ ዘይቱና ስኳሩ መኪናው ላይ ተጭኗል። ቢሆንም ነገ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ ቆሞ ሲዘምር ዓይኗን ደፍሮ ማየት እንደማይችል ያውቃል። የሆሳዕና ልጅ፣ ያውም አባቱ ወንጌላዊ የነበረ ሰው፣ ጣዖት ፊት ምን ይሠራል?

በእሱ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም። የሞተ ሞተ ነው፤ ፍርዱ የጌታ ነው። እዚህ ግን የሟቾች ስም እየተነበበ ይጸለይላቸዋል። ሀቢሶ ደግሞ ከልቡ የማይወጣ አንድ ሟች አለው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጆሀንስበርግ አጠገብ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ፣ ከለማ ጋር ስፓዛ የሚሏት አንዲት የሰፈር ሱቅ ነበረቻቸው። ለማ የዱራሜ ልጅ ነው። የተገናኙት በስደት መንገድ ላይ ነው። አንዱ የሌላውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ አያውቅም፤ ወንድማማች የሆኑት በአማርኛ ነው። ሞዛምቢክ ጫካ ውስጥ ሀቢሶን ወባ ጥሎት ደላላው ትታችሁት ሂዱ ሲል፣ ለማ አዝሎት ሄዷል።

በውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ላይ ዘረፋ የተነሳ ዕለት፣ ዘራፊዎች ሱቃቸውን በቀትር ከበቡት። በሩ ተሰበረ፣ እሳት ተለኮሰ። ለማ በጓሮ በኩል ጠባብ መስኮት ባላት ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ሀቢሶ ባንኮኒው ጋ። ጢሱ ዓይን ሲያሳውር ሀቢሶ በተሰበረው በር እግሬ አውጪኝ አለ። ከጀርባው ስሙ ሲጠራ ሰምቷል። አልተመለሰም።

ጣሪያው ሲደረመስ ማዶ ቆሞ አየ። አንዲት ጎረቤታቸው ራሷን ይዛ፣ አንደኛው ውስጥ ቀረ እያለች ስታለቅስም ሰማ። አስከሬን አልጠየቀም። ማንንም ሳያናግር ወደ ኬፕታውን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣ።

እዚያ እንደደረሰ ስልኩን ጣለ። ስም ሲጠይቁት የአባቱን ስም መስጠት ጀመረ። ከበለጥሽ ጋር ተዋውቀው የተጋቡትም እዚያው ነው። ስለ ለማ ትንፍሽ ብሎላት አያውቅም። ጆሀንስበርግ የተመለሱት አምና፣ ወንድሟ ሶዌቶ ውስጥ ሱቅ ሲያገኝላቸው ነው። እሷ ደስ ብሏት ዕቃ ስታስር እሱ ጉዞውን የሚያዘገይበት ሰበብ ይፈልግ ነበር።

የቤተ መቅደሱ ጠባቂ አሮጊት መነኩሴ ናቸው። እዚሁ ከተማ ተወልደው ስላደጉ ሁልጊዜ «ሳውቦና» ብለው በዙሉኛ ነው ሰላም የሚሉት። ስሙን ጠይቀውት አያውቁም፤ እሱም ነግሯቸው አያውቅም። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሊወጣ ሲል አስቆሙት። አንድ ሌላ ኢትዮጵያዊም እሁድ እሁድ እንደሚመጣ ነገሩት። እንደ እሱ ጥግ ይዞ፣ እንደ እሱ መሬት መሬት እያየ፣ በእሳት ስላጣው ሰው ያለቅሳል አሉት። ቢተዋወቁ ሐዘኑ ይቀልላቸው እንደሆነ ብለው ነው።

ሀቢሶ ሳይሰናበታቸው ወጣ። ለማ ደርባን የሚኖር ታናሽ ወንድም ነበረው። ወደዚህ ተዛውሮ መሆን አለበት፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፉ አልዞር አለው። ሱቁ በራፍ ላይ የማያውቀው የሐበሻ ፊት ብቅ ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። በለጥሽ ምን ሆነሃል ብትለው ጨጓራዬ ነው አላት። ተጨንቃ አጥሚት ሠራችለት፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አሳፈረው። አንድ ጠዋት ወደ ኬፕታውን እንመለስ ሊላት አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘጋው። እስከ መቼ ይሮጣል?

ስለዚህ ዛሬ የመጣው ሊያለቅስ አልነበረም። በቀጥታ ወደ መነኩሴዋ ሄዶ ፊታቸው ተንበረከከ። በእንግሊዝኛው ቃላት እየፈለገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ያ እሁድ የሚመጣው ሰው ነገ እንዲጠብቀኝ ይንገሩልኝ። የሚያለቅስለትን ሰው እሳት ውስጥ ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሲጠራኝ እየሰማሁ ሄድኩ። ከፈለገ ይምታኝ፣ ከፈለገ ለፖሊስ ይስጠኝ።»

መነኩሴዋ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። ከውጭ የታክሲ ረዳት ይጮሃል።

«ማንን ነው ትተህ የሄድከው?» አሉት።

«ወንድሙን፣ ለማ የሚባለውን።»

ስሙን ሲሰሙ ግንባራቸው ተቋጠረ። ምናልባት የውጭ አገር ስም ስለሆነ አልገባቸው ይሆናል ብሎ፣ ሀቢሶ ቀስ አድርጎ ደገመላቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ያዙ።

«ልጄ፣ ለማ እኮ እሁድ እሁድ የሚመጣው ሰውዬ ነው» አሉት። «ለሟች ጓደኛው የምናነብለት ስም ሀቢሶ ነው።»