የሁለቱ መሥራቾች ክስ

ዶክተር ስንዱና ዶክተር ምሕረተአብ ዓለም አቀፉን የሕግ ማስተርስ የጀመሩት በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከጎረቤት ካፌ በተዋሱት ወንበር ነው። እግዚአብሔር ባረከውና ከጋናም ከኔፓልም ተማሪ ጎረፈ፤ ፎቅም ተሠራለት። ፎቁ ሲያልቅ «ኃላፊው እኔ ነኝ» ተባባሉና ተካሰሱ። ፍርድ እስኪሰጥ የተማሪዎቹን ዲግሪ የሚፈርም ጠፋ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አብራችሁ የለፋችሁ ሰዎች፣ ምናለ በሽማግሌ ብትጨርሱት?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሽማግሌ ጊዜ መፍጀት ነው» አሉ ዶክተር ስንዱ።

«የተበደለን ሰው አፍ ማዘጋትም ነው» አሉ ዶክተር ምሕረተአብ። ከተጣሉ ወዲህ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ለመሆኑ ማስተርሱ በምን ላይ ነው?»

ሁለቱ ተያዩ።

«ጠብን ከፍርድ ቤት ውጭ በመፍታት ላይ» አሉ ዶክተር ስንዱ።