ከታላቁ መሪ በፊት

በአዋጁ መሠረት ከታላቁ መሪ ቀድሞ አፈር የሚቀምስ ሬሳ የለም። መሪው ደግሞ መች ሞቱ! በየሦስት ዓመቱ አዲስ ልብ ያስተክላሉ፤ በየሦስት ዓመቱ መቃብራቸውን ያስረዝማሉ።

የመቃብሩ ጽሕፈት ቤት ሹም በወይዘሮ አንጓች ሳሎን ተቀምጦ ከረባቱን አላላ። "ጉልላቱ ፈርሶ በወርቅ ሊሠራ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት!"

"ነፍሱን ይማረውና ባሌ ያንን ጉልላት አሥራ አንድ ዓመት ድንጋይ ጠርቦበታል። አሁን ምን ጎደለው ተብሎ ነው የሚፈርሰው?"

"አነሰ ብለው ነዋ። ባለቤትዎም ቢሆኑ በኩራት ይጠብቃሉ።"

"እሱማ ምን ያደርጋል፣ ይጠብቃል እንጂ። ለመሆኑ ሰውዬው ደኅና ናቸው?"

"ተመስገን! ትናንት አምስተኛው ልብ ተተከለላቸው። እንደ ጎረምሳ ደረጃ ይወጣሉ።"

ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለው ውሃ ለመነ። ወይዘሮ አንጓች ከላይ እስከ ታች አዩትና ጥግ ላይ የተጋደመውን ረጅም ማቀዝቀዣ ከፍተው ጠርሙስ አወጡ። ሹሙ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"እፎይ! እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ቢሮአችን እንኳ የለም።"

"ከየት ይመጣል?" አሉ ወይዘሮ አንጓች፣ ክዳኑን ሳይዘጉ። "ይኼ ከባሌ እግር ሥር የወጣ ነው። ልድገምልህ?"