ሁለተኛው ፖርት

ባሌ በሞተ በሃያኛው ቀን አማቴ ከግቢው ማዶ ጮኹብኝ። «ልጄን በልተሽ አልበቃ ብሎሽ ኢንተርኔቴንም ልትበዪው ነው? ለምንድን ነው የሚንቀራፈፈው?»

«እኔም ባሌን ነው ያጣሁት፣ እማማ» አልኳቸው።

«ባል ይተካል። ልጅ ነው የማይተካው!»

ያን ጊዜ መስመራቸውን ልዘጋው ወሰንኩ።

ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣው የኢንተርኔት ፋይበር የግቢው በር አጠገብ ካለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኗ መስመሩን ወደ ተራ የኔትወርክ ገመድ ቀይራ በየፖርቱ፣ በየገመድ መሰኪያው ማለት ነው፣ ታከፋፍለዋለች። ባሌ ሲያስተካክላት አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ተምሬያለሁ። ከሌን እንደለበስኩ ላፕቶፔን ሰካሁና ሴቲንጓን ከፈትኩ። ሁለተኛው ፖርት ላይ «እማ» ብሎ ጽፏል። ሌላውን ሳላነብ እሱን ዘጋሁት።

አማቴ ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ልጄ ከቤቴ ጮኸች። «እማዬ፣ ሞዴል ፈተናዬ ተቋረጠ!»

ደንግጬ ፖርቱን መልሼ ከፈትኩትና ከቤቴ የሚወጣውን ገመድ ተከተልኩ። ወደ ሳጥኗ አይሄድም። በጣሪያው ጠርዝ ዞሮ በአማቴ መስኮት ይገባል። ሳላንኳኳ ገባሁ። ገመዱ ከቴሌቪዥናቸው ጀርባ ካለች የመስመር ማከፋፈያ ላይ፣ ከራሳቸው ገመድ ጎን ተሰክቷል። በላዩ የተለጠፈው ፕላስተር ላይ የባሌ እጅ ጽሑፍ አለ።

«እማ፣ ይኼኛው የእነሱ ነው። ስትጣሉ እንዳትነቅዪው።»

ፕላስተሩ የሦስት ዓመት አቧራ ለብሷል።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሉኝ አማቴ። «ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፤ እጅሽን ሰብስቢ!»